መዋጮው የሰፈሩ፣ ቦዩ የማን? በጎንደር የአንድ መንገድ የጉዳይ ጥናት

ጎንደር በአንገረብና በቀሐ ወንዞች መካከል በተዘረጋ ጉብታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከፒያሳ ተነስተው ወደ ወንዞቹ ወገን ቢያመሩ ብዙ ሳይርቁ ቁልቁለት ይቀበልዎታል፤ ሐምሌና ነሐሴ ሲገቡ ደግሞ ቁልቁለቱ ሁሉ የጎርፍ መንገድ ይሆናል። ይህ ጥናት ወደ ቀሐ በሚያዘቀዝቀው ወገን ስላለ አንድ ሰፈርና ስለ አንዲት የውስጥ መንገዱ ነው። የሰፈሩንም ሆነ የሰዎቹን ስም አልጠቅስም፤ አብዛኞቹ ዛሬም እዚያው ናቸው፣ ጉዳያቸውም አልተዘጋም። እኔ የመንገድ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለነበርሁ ከነገሩ ውጭ ቆሜ የምጽፍ አይደለሁም። አንባቢ ይህን አውቆ ያንብበው።

መንገዷን የመረጥኋት ትልቅ ስለሆነች አይደለም። ሥልጣንን ወደ ታች ስለማውረድ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ክልል፣ ስለ ዞንና ስለ ወረዳ ነው፤ ነዋሪው እጅ ላይ ምን እንደደረሰ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እዚህች መንገድ ላይ ግን ሥልጣኑ እስከ የት እንደወረደና የት ላይ እንደቆመ በጣት ማሳየት ይቻላል።

ሕጉ የሰጠው

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4፣ ሕዝቡ በዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለእነዚሁ እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። አንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣቸዋል። ዝርዝሩ የክልሎች ሥራ ሆነ። የአማራ ክልል ከተሞችን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 43 በ1992 ዓ.ም አወጣ፤ በ1996 ዓ.ም ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 91 አሻሻለው። እንደ ጎንደር ያለ ከተማ በዚህ መንገድ የራሱ ምክር ቤት፣ ከንቲባና ሥራ አስኪያጅ ኖረው። ከንቲባውን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው፤ ነዋሪው በቀጥታ ድምፅ አይሰጥበትም። በ1994 ዓ.ም የተጀመረው የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደርም ከክልል ወደ ወረዳ የሚወርደውን ገንዘብ በቀመር የሚከፋፈል ጥቅል ድጎማ አደረገው።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ግን ከተማው የሚሠራበት ገንዘብ ከሁለት ቋት መምጣቱ ነው። ትምህርትና ጤናን የመሳሰሉት የመንግሥት ተግባራት ይባላሉ፤ ወጪያቸው በአብዛኛው በድጎማ ይሸፈናል፣ ከድጎማውም የበዛው ለደመወዝ ይውላል። የሰፈር መንገድ፣ የውሃ መውረጃ ቦይ፣ ቆሻሻና ቄራ ግን የማዘጋጃ ቤት አገልግሎቶች ናቸው። እነዚህን ከተማው ከራሱ ገቢ ይሠራቸዋል፤ ከመሬት ሊዝ፣ በ1968 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 80 መሠረት ከሚሰበሰበው የቦታ ኪራይና የቤት ግብር፣ ከልዩ ልዩ አገልግሎት ክፍያ። ስለዚህ ሰፈራችን ቦይ ሲፈልግ ማንኳኳት የነበረበት የማዘጋጃ ቤቱን ቋት ነው። ያ ቋት ደግሞ ጠባብ ነው።

ቋቱን ያሰፋው የዓለም ባንክ ገንዘብ ነው። በ2000 ዓ.ም የጸደቀው የከተሞች ልማት ፕሮጀክት ጎንደርን ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች አንዷ አደረጋት፤ በ2006 ዓ.ም የተከተለው ሁለተኛው ምዕራፍ 44 ከተሞችን፣ በ2010 ዓ.ም የመጣው የከተሞች መሠረተ ልማትና ተቋማዊ ልማት ፕሮግራም ደግሞ 117 ከተሞችን አቀፈ። ገንዘቡ ይለቀቅ የነበረው በውጤት ነው። ከተማው በየዓመቱ የሚከለስ የሦስት ዓመት የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ ያዘጋጅ፣ በየዓመቱም ይመዘን ነበር፤ ከመመዘኛዎቹ አንዱ ነዋሪው በዕቅዱ ላይ መክሯል ወይ የሚል ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው። በተግባር ግን ምክክር መደረጉን የሚያስረዳው ቃለ ጉባኤ ሆነ። ቃለ ጉባኤው ለነጥብ ሲፈለግ ስብሰባው ለቃለ ጉባኤው ይጠራል።

ስብሰባው

ሰፈሩ ከመንግሥት ሰው በፊት በእድሩ ነው የመከረው። በክረምት ከላይ ከአዲሶቹ ቤቶች የሚወርደው ውሃ መንገዱን ቦርቡሮ ቦርቡሮ የታችኞቹን በሮች መግባት ከጀመረ ሰንብቷል። እናቶች ከበራቸው ላይ ጆንያ አሸዋ ሞልተው ይደረድራሉ፤ አስከሬን ሲወጣ ቃሬዛ የሚሸከሙት ወጣቶች በጭቃው ይንሸራተታሉ። እድሩን ያስቆጣውም ይኸው ሁለተኛው ነገር ነበር፤ ሬሳ ሊወድቅብን ነው ተባለ። ስለዚህ የእድሩ ዳኛ ማመልከቻ አስጻፉ። በማመልከቻው ላይ የተጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ የውሃ መውረጃ ቦይ። መንገዱ ስለሚነጠፍበት ነገር አንድም ቃል የለበትም።

ከወራት በኋላ የቀበሌ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ባለሙያው ይዞት የመጣው ወረቀት ላይ የተጻፈው ግን ጌጠኛ ድንጋይ ነው። ነገሩ ተንኮል አልነበረበትም። ጌጠኛ ድንጋይ በአገሪቱ ከተሞች ከተለመደ ቆይቷል፤ ሥራው ለወጣቶች የሥራ ዕድል ይፈጥራል፣ ድንጋዩ የአገር ነው፣ ሬንጅ ከውጭ አይጠይቅም፣ ሲበላሽም ነቅሎ መልሶ ማንጠፍ ይቻላል። ለከተማውም በካሬ ሜትር የሚለካ፣ ለሪፖርት የሚመች ሥራ ነው። ቦይ ከመሬት በታች ስለሚሄድ ፎቶግራፍ አያምርም።

በአዳራሹ ከተነሱት ጥያቄዎች ዛሬም የማልረሳው የአንዲት አሮጊት ነው።

«ልጄ፣ ድንጋዩስ ይምጣ፣ ደስ ይለናል። ውሃው ግን ወዴት ሊሄድ ነው?»

«እማማ፣ እሱን ባለሙያ ያጠናዋል።»

«ባለሙያው አንተ አይደለህ እንዴ?»

ሰው ሳቀ፤ ባለሙያውም አብሮ ሳቀ። በቃለ ጉባኤው ላይ ግን «ነዋሪው በጌጠኛ ድንጋይ መንገድ ሥራው ተስማምቷል፤ የውሃ ማስወገጃ በዲዛይኑ ውስጥ በአንድ ወገን ተካቷል» የሚል ሰፈረ። ሁለቱም እውነት ነው። ነዋሪው በእርግጥ ተስማምቷል፤ የቀረበለት ምርጫ ድንጋዩን መውሰድ ወይም ባዶ እጁን መቅረት ነበርና።

ሌላም መጻፍ ያለበት አለ። ስብሰባው የተጠራበት ጠዋት ለሰፈሩ የውሃ ተራ የደረሰበት ቀን ነበር። ጎንደር ውስጥ ቧንቧ ብዙ ቀን ደርቆ በወረፋ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም፤ በዚያ ቀን ሴት ከቤት አትወጣም፣ በርሜልና ጀሪካን የሚሞላው ያኔ ነውና። አዳራሹን የሞሉት ወንዶች ነበሩ። ከቤታቸው ደጃፍ ጆንያ የሚደረድሩት፣ ጎርፉ ከየት ተነስቶ የት እንደሚመታ አንድ በአንድ የሚያውቁት ሴቶች ግን በቧንቧ ዙሪያ ቆመው ነበር። የስብሰባውን ቀን የቆረጠው ሰው የውሃውን ተራ ቢጠይቅ ኖሮ የተለየ ቃለ ጉባኤ በጻፍሁ ነበር ብዬ አምናለሁ።

መዋጮ

ብዙዎች ሕዝባዊ ተሳትፎ ሲሉ መዋጮ ማለታቸው ነው። የሰፈር መንገድ ሲሠራ ከተማው የወጪውን አንድ ድርሻ ይችላል፣ ነዋሪው ቀሪውን ያዋጣል። ይህ አሠራር የሚወቀስበትም የሚመሰገንበትም ብዙ ነው፤ በእኛ ሰፈር ግን ከሁሉ በላይ ያጨቃጨቀው ማን ምን ያህል ይክፈል የሚለው ነበር። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባኛል፤ እውነተኛው የአካባቢ አስተዳደር ሲሠራ ያየሁት በዚህ ክርክር ነው።

ከላይ የመጣው ሐሳብ ድርሻው በአጥር ርዝመት ይሁን የሚል ነበር። መንገዱን በሰፊው የሚያዋስን ብዙ ይክፈል፣ በጠባቡ የሚያዋስን ጥቂት። ወረቀት ላይ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ከአባቷ የወረሰችው ሰፊ ግቢ ኖሯት በጡረታ ብቻ የምትኖር መበለት አለች፤ በጠባብ ቦታ ባለ ሦስት ፎቅ ሠርቶ የሚያከራይም አለ። በአጥር ርዝመት ቢከፈል መበለቷ ከባለ ፎቁ ልትበልጥ ነው። እድሩ ይህን ሲሰማ ሐሳቡን አልተቀበለም። ከብዙ ክርክር በኋላ ለሁሉም ቤት እኩል የሆነ መነሻ ተቆረጠ፤ ከዚያ በላይ የሚያከራይና የሚነግድ እንደ አቅሙ እንዲጨምር፣ ጨርሶ የሌለው በጉልበት እንዲያግዝ ወይም እንዲማር ተወሰነ። የሚማሩትን ሰዎች ዝርዝር ያወጡት የእድሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ዝርዝሩ በአደባባይ አልተነበበም። ይህን ግልጽነት የጎደለው ነው የሚል ይኖራል፤ እኔ ግን ድህነትን በጉባኤ ፊት ከማስነበብ የሽማግሌዎቹ ዝምታ ይሻላል ባይ ነኝ።

የቀበሌ ቤቶች ጉዳይ ከዚህ የባሰ ነበር። በ1967 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ በሰፈሩ ያሉ ጭቃ ቤቶች ከፊሉ የቀበሌ ናቸው። ቤቱ የቀበሌው ከሆነ መዋጮውን ማን ይክፈል? ቀበሌው የሚገለገለው ተከራዩ ነው አለ። ተከራዮቹ ደግሞ መንገዱ የቤቱን ዋጋ ቢያሳድግ ትርፉ የባለቤቱ ነው፣ ነገ ልቀቁ ብንባል ድንጋዩን ነቅለን አንሄድም አሉ። ተከራዮቹ ልክ ነበሩ። በመጨረሻ ግማሹን እንዲከፍሉ፣ የቀረው በአከራዮችና በነጋዴዎች ላይ እንዲከፋፈል ተደረገ። ቀበሌው ከራሱ ያወጣው ነገር አልነበረም። የሰፈሩ ትልቁ ባለቤት መዋጮውን ሳይከፍል ቀረ ማለት ነው።

በግል ቤት ውስጥ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩትን ደግሞ ስብሰባ የጠራቸው የለም። የጥሪ ወረቀቱ ባለይዞታዎችን ነው የሚጠራው። መዋጮው ግን በአከራዩ በኩል በኪራይ ጭማሪ መልክ ዞሮ ደረሳቸው። ከከፋዮቹ መካከል አንዳች ድምፅ ያልነበራቸው እነዚህ ናቸው።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ የሚለው ቀጣዩ ክርክር ነበር። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት መዋጮው ሞዴል 64 በሚባለው የመንግሥት ደረሰኝ ወደ መንግሥት ሒሳብ ይግባ አለ፤ ደንቡም ይኸው ነው። ኮሚቴው ፈራ። ሌሎች ሰፈሮች ከፍለው ሥራው ሲዘገይባቸው አይተናል፤ አንዴ ወደ መንግሥት ሒሳብ የገባ ገንዘብ ተመልሶ አይጠየቅም። ስምምነቱ እንዲህ ሆነ፤ መዋጮው በሦስት ጊዜ ይከፈላል፣ የመጀመሪያው ክፍያ ወደ መንግሥት ሒሳብ ይገባል፣ ቀሪው በኮሚቴው ሦስት ፈራሚዎች ባንክ ተቀምጦ ሥራው ግማሽ ሲደርስና ሲጠናቀቅ ይተላለፋል። በጊዜው ይህ የሒሳብ አያያዝ ጉዳይ ብቻ መስሎን ነበር። ኋላ እንደሚታየው ሰፈሩ ያገኘው ሥልጣን በሙሉ ከዚህች ስምምነት የመነጨ ነው።

ጀሪካኑ

ሥራው የተሰጠው በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶች ነው። ጥቁሩን ድንጋይ የሚጠርቡት አንዶቹ፣ የሚያነጥፉት ሌሎቹ። መሬቱ ተቆፍሮ ሰሌክት የሚባል የተመረጠ የሙሌት አፈር ይፈስስበታል፣ በሮለር ይጠቀጠቃል፣ ከላይ አሸዋ ይለብሳል፣ ጠርዙ ይያዛል፣ ከዚያ ድንጋዩ አንድ በአንድ በመዶሻ እየተመታ በተወጠረ ገመድ ልክ ይቀመጣል። ከጠራቢዎቹ መካከል ሴቶችም ነበሩ፤ ክፍያው በቁጥር ስለሆነ ከማለዳ እስከ ማታ ፍንጥርጣሪው በፊታቸው ይበርራል፣ መነጽር ያደረገ ግን አላየሁም።

የክፍለ ከተማው መሐንዲስ ልጅ እግር ነው፣ ትሑትም ነበር። በአንድ ጊዜ ብዙ መንገዶችን ስለሚከታተል ለእኛ የሚደርሰው በሳምንት አንዳንዴ ነው። ቁጥጥሩ በተግባር ለኮሚቴው ወደቀ። ከኮሚቴው አባላት አንዷ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ሥዕላዊ ንድፍ ማንበብ አትችልም፣ ሙከራዋ ግን ከንድፍ ይበልጥ ነበር። በየማታው ከተነጠፈው ላይ ዕቃ የታጠበበትን ውሃ በጀሪካን አምጥታ መሐል መንገድ ላይ ትደፋለች፤ ከዚያ ቁጭ ብላ ወዴት እንደሚሄድ ታያለች።

ከመንገዱ አጋማሽ በላይ ያለው ጥሩ ወረደ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ግን ውሃው ወደ ቦዩ በመሄድ ፋንታ ወደ ግራ ታጥፎ የአንድ የቀበሌ ቤት በር ሥር ተኛ። በማግሥቱ መሐንዲሱ መጣ፤ ወረቀቱ ላይ መንገዱ ወደ ቦዩ ያዘነብላል። እሷ አልተከራከረችም፤ ሁለተኛ ጀሪካን አምጥታ ደፋች። መሐንዲሱ ውሃ ልኩን አስቀምጦ ለካ። ከሥሩ ያለው ጥቅጠቃ ሰጥሞ ነበር።

አንጣፊዎቹ ተቆጡ። ነቅለው ቢያነጥፉ ማን ይከፍላቸዋል? እነሱም እውነት ነበራቸው፣ ጥቅጠቃው የእነሱ ሥራ አልነበረም። ነገሩ የተፈታው የመካከለኛው ክፍያ ገና በኮሚቴው እጅ ስለነበረ ነው። ኮሚቴው መታጠፊያው ሳይስተካከል አላስተላልፍም አለ፤ ጽሕፈት ቤቱም ሥራው እንዳይቆምና ሪፖርቱ እንዳይበላሽ ሲል ለማስተካከያው የሮለር ወጪ ቻለ፣ ለአንጣፊዎቹም የድጋሚ ሥራ ክፍያ ተያዘላቸው። ይኸው ሰፈር ከዓመት በፊት በእድሩ ማኅተም ያስገባውን ማመልከቻ ያገላበጠው አልነበረም። ማመልከቻውና ማስጠንቀቂያው በአንድ እጅ የተጻፉ ናቸው፤ ልዩነቱ ከሁለተኛው ኋላ የባንክ ደብተር መኖሩ ነው።

ተመራጮቹ ወዴት ነበሩ?

ይህ ሁሉ ሲሆን የቀበሌው ምክር ቤት ምን ሠራ የሚል ጥያቄ ይነሳል። በ2000 ዓ.ም የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር ወደ 300 ከፍ ተደርጎ ነበር፤ ብዙ ተመራጭ ብዙ ተሳትፎ ያመጣል ተብሎ። ቀጣዩ የአካባቢ ምርጫ በ2005 ዓ.ም ተካሄደ። የአምስት ዓመቱ ዘመን በ2010 ዓ.ም ሲያልቅ ምርጫው ተራዘመ፤ በሰኔ 2013 ዓ.ም ስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ሲደረግም በክልላችን ለአካባቢ ምክር ቤቶች ድምፅ አልተሰጠም። እናም ሰፈራችን መንገዱን ሲያሠራ የሚወክሉት ሰዎች ዘመናቸው ያለፈ ነበር። አንዱ ከተማ ለቅቋል፣ አንዷ አርፋለች፣ ሌላው የቀበሌው ሠራተኛ ሆኗል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ማንሳት ይችላል ይላል። ለማንሳት ግን መጀመሪያ የተቀመጠ ሰው ማግኘት ያስፈልጋል።

በዚህ ባዶ ቦታ ላይ የቆመው እድሩ ነው። እድር ግን ለቀብር የተቋቋመ ማኅበር ነው፤ አባል ያልሆነ ሰው በውስጡ ድምፅ የለውም፣ አዲስ መጤውና ተከራዩ ብዙ ጊዜ አባል አይደሉም። እድርን የአስተዳደር ምትክ እናድርገው የሚሉትን ሰዎች ስሰማ ይህ ይታወሰኛል።

በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ የበጀት ማሳወቂያ ሰሌዳ ተለጥፏል። ይህ ልማድ በ1998 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ካስፋፋቸው አሠራሮች አንዱ ነው። ኮሚቴው ሰሌዳውን ቆሞ አነበበ። ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል ይላል። የእኛ መንገድ በየትኛው መስመር ውስጥ እንዳለ ግን ማንም ሊያሳየን አልቻለም፤ ሰሌዳው ስለ ዘርፍ ይናገራል፣ ነዋሪው የሚጠይቀው ስለ መታጠፊያው ነው።

አስፋልቱ ጋ ሲደርስ

መንገዱ ተጠናቀቀ። ርክክብ ላይ ኮሚቴው ሁሉንም ፈርሟል፣ ከአንድ ነጥብ በስተቀር። ቦዩ ወርዶ ወርዶ ዋናው አስፋልት ጋ ይደርሳል፤ ከአስፋልቱ ሥር ያለው ቱቦ ጠባብ ነው፣ ከፊሉም በደለል ተሞልቷል። ቱቦው ይስፋ ስንል ጽሕፈት ቤቱ የእኛ ሥልጣን አይደለም አለ። ወደ ክፍለ ከተማው ሄድን፤ ከከተማው ጋር ተነጋገሩ ተባልን። ከተማው ላይ አንድ ኃላፊ በትዕግሥት ካርታ ዘርግቶ አስረዳን፤ አስፋልቱን የሚያስተዳድረው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፣ ያለ እሱ ፈቃድ ቁፋሮ አይደረግም። ደብዳቤ ተጻፈ፣ በግልባጭ ለአምስት ቦታ ተላከ፣ የመዝገብ ቁጥር ተሰጠን። ነዋሪው የአሠራሩን ውስብስብነት ባለማወቁ ነው የሚጉላላው የሚሉ አሉ። በእኛ ጉዳይ ያጉላላን ማወቃችን ነው፤ እያንዳንዱ ቢሮ የሥልጣኑን ዳር በትክክል ያውቃል፣ ውሃው ከዳሩ ባሻገር ሲደርስ የሚቀበለው ግን የለም።

ከአስፋልቱ ማዶ ደግሞ ሌላ ቀበሌ አለ። ጎንደር ድሮም የሰፈሮች ከተማ ናት። እጨጌ ቤት፣ አቡን ቤት፣ እስላም ቤት እየተባለ እያንዳንዱ የራሱ አለቃና የራሱ ወግ ነበረው፤ በእጨጌ ቤት የተጠለለ ሰው ከአሳዳጁ ይተርፍ ነበር። የዛሬዎቹ የቀበሌ ወሰኖች ግን በሰፈር ስም ሳይሆን በቁጥር የተሰመሩ ናቸው፣ የውሃ መውረጃንም አያዩም። መንገዳችን ጭቃ በነበረ ጊዜ ውሃው በየጉድጓዱ እየተቋጠረ፣ በየአጥሩ እየተበተነ፣ ደክሞ ነበር የሚወርደው። ድንጋዩ ሲነጠፍ ውሃው አንድ ላይ ተሰብስቦ በፍጥነት ወረደ፤ ቱቦው ስላልቻለው በአስፋልቱ ላይ ተሻግሮ የማዶዎቹን አጥር ገፋ። በመጀመሪያው ክረምት አንድ የድንጋይ ካብ ተናደ። ሰው አልተጎዳም።

ማዶ ያሉት ተሰብስበው መጡ። ቁጣቸው በጽሕፈት ቤቱ ላይ አልነበረም፣ በእኛ ላይ ነበር። ከመካከላቸው አንድ አዛውንት «እናንተ ስትመክሩ ማን ጠራን?» አሉ። መልስ አልነበረንም። ስብሰባው በቀበሌ ነው የሚጠራው፣ መዋጮው በሰፈር ነው የሚሰበሰበው፤ የጎርፉ ባለድርሻ የነበሩት የታችኞቹ በአንዱም ዝርዝር ላይ የሉም። ሥልጣን ሁሉ ወደ ታች ይውረድ የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ነው የሚደናቀፈው። የድንጋዩን አነጣጠፍና የመዋጮውን ድልድል ሰፈሩ ከማንም በተሻለ ወሰነ። የውሃውን ነገር ግን አንድ ሰፈር ብቻውን ሲወስን ጎርፉን ለጎረቤቱ ማስተላለፉ ነው። ተፋሰሱን በሙሉ የሚያይ፣ ላይኛውንና ታችኛውን አንድ ላይ የሚያስቀምጥ አካል ያስፈልገው ነበር፤ ያ አካል ከተማው ነው፣ ሥልጣኑም ገንዘቡም ከአስፋልቱ ዳር ባይቆም ኖሮ።

አሁን ያለበት

ሁለቱ እድሮች በጋራ መክረው አንድ ማመልከቻ አስገብተዋል። ስብሰባው የተደረገው በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ሰንበቴ ቤት ነው፤ በዚህኛው ላይ ሴቶች ከወንዶች ይበልጡ ነበር፣ ቀኑ የተቆረጠው የሁለቱም ሰፈር የውሃ ተራ ከታየ በኋላ ነውና። ማመልከቻው ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ቱቦው እንዲሰፋና በማዶ በኩል በጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ በሚሞላበት የሽቦ ቅርጫት የተያዘ ካብ እንዲሠራ።

በዚህ መሐል የንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365/2017 ወጥቷል። ከተሞች በነዋሪው ቤትና ይዞታ ላይ ታክስ ሰብስበው ለአገልግሎት እንዲያውሉት የሚያስችል ሕግ ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱን ቋት የማስፋት ተስፋ አለው። በሰፈሩ የሚነሳው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ታክሱን ከከፈልን የመንገድ መዋጮው ይቀራል ወይ? እስካሁን የመለሰልን የለም። ሰዎቹ መክፈልን አይጠሉም፣ ከፍለው አሳይተዋል። የሚጠሉት ሁለት ጊዜ መክፈልን ነው፤ ከዚያም በላይ በሦስት ጊዜ ክፍያ ያገኙትን መደራደሪያ ማጣትን። ታክስ በአንድ ጊዜ ይገባል፣ መታጠፊያው ቢሰምጥ የሚያዝ ክፍያ የለም። የንብረት ታክስን ከአካባቢ ምርጫ ሳያገናኙ የሚያወሩ ሰዎች ይህን ቢያስቡት ጥሩ ነበር።

ከመዋጮው ጥቂት ገንዘብ ተርፏል። ጽሕፈት ቤቱ ወደ መንግሥት ሒሳብ ይግባ ብሏል። ከሰፈራችን ሰዎች ከፊሎቹ ለዓመታዊ የቦይ ጠረጋ ይቀመጥ ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ፣ እኔም ከእነሱ ነኝ፣ ለማዶዎቹ ካብ የጋቢዮን ሽቦ ይገዛበት እንላለን። ድምፅ ሲሰጥ የሽቦው ሐሳብ አለፈ። ጽሕፈት ቤቱ ለአንድ መንገድ የተሰበሰበ መዋጮ በሌላ ቀበሌ ሊወጣ አይችልም ሲል ተቃወመ፤ ገንዘቡ የኮሚቴው ሒሳብ ውስጥ ስላለ ግን ከመቃወም ያለፈ ማድረግ አልቻለም። ከሦስቱ ፈራሚዎች አንዱ ወደ ባሕር ዳር ተዛውሯል፤ ባንኩ በምትኩ ሌላ ሰው ለመመዝገብ የቀበሌው ማኅተም ያለበት አዲስ ቃለ ጉባኤ ይፈልጋል፣ ቀበሌው ደግሞ ለዚያ ጠቅላላ ጉባኤ መጠራት አለበት ብሏል። ጉባኤው ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ይሆናል ተብሎ ተለጥፏል፤ በዚህኛው ማስታወቂያ ላይ የተጻፈው «የሰፈሩ ነዋሪዎች በሙሉ» ነው እንጂ ባለይዞታዎች አይልም።